ህንዳዊቷ፣ እኔና የበርበሬው ቆርቆሮ

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሰባ አራት ዓመቴ ነበር። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ ሰባ አንድ ይላል፤ እናቴ ግን የተወለድኩት አንበጣ የገባ ዓመት እንደሆነ ነግራኛለች። እኔ የማምነው እሷን ነው። የወለደችኝ እሷ ናት፤ ወረቀቱ አይደለም።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ነው አንዲት ህንዳዊት ቤቴ የገባችው። በበር ብትገባ ኖሮ ማን ነሽ፣ ምን ፈልገሽ ነው ብዬ እጠይቃት ነበር። የገባችው በስልክ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ልጄ ትርሲት አልጋ ላይ የዋለች አንዲት አሮጊት ሲኞራ ታስታምማለች፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እዚያው ነው የምታድረው። ስለዚህ ሮማ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አጠገብ ባለችው ቤታችን የምንኖረው እኔና የልጅ ልጄ ሶስና ነን። ሶስና አስራ አምስት ዓመቷ ነው። ጠባቂዋ እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ "አባባ፣ ጠባቂዎ እኔ ነኝ" ትለኛለች። ጋዙን ረስቼ የወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ሰው አወራው እንጂ ይህን ያህል አልነበረም።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ ይቺ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ በሯን መዝጋት ጀመረች። እኔ በተፈጥሮዬ ጠርጣራ ነኝ። ነጻ ነው ከተባልኩ ኪሴን እዳብሳለሁ። ሜትሮ ውስጥ ሰው ተነስቶ ቦታ ከለቀቀልኝ መጀመሪያ ወንበሩን አየዋለሁ፤ ምን ደፍቶበት ነው እላለሁ። የተዘጋ በር ሲያጋጥመኝማ ጆሮዬ ራሱ ይሄዳል። አንድ ቀን በሩ ላይ ስለጥፈው ሶስና ውስጥ ሆና በጣሊያንኛ ትጮኻለች፤

"ንጉሡን ያዘችው! ብራቫ! አለቀለት!"

እኔ ደግሞ ንጉሥ ተያዘ ሲባል ሰምቼ በሰላም ያደርኩበት ጊዜ የለም። ያለፈው ጊዜ ንጉሥ ሲያዝ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ይኸው ሮማ ነኝ። በሩን በረገድኩት።

"ማነው የያዘው? ደግሞ የማን ንጉሥ ነው?"

"አባባ! ስካኪ ነው፤ ጨዋታ! ንጉሡ ዕንጨት ነው!" ብላ ስልኩን አሳየችኝ። አንዲት ጠይም ሴት አገጯን በእጇ ይዛ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ አንድ ሰውዬ ላቡን ይጠርጋል። ሴትዮዋ አትናገርም፣ አትንቀሳቀስም።

"ታማለች?"

"እያሰበች ነው።"

"ምን ጠፍቷት ነው ይህን ያህል የምታስበው?"

ሶስና ሳቀችና ስለሴትዮዋ ትነግረኝ ጀመር። ከህንድ ሴቶች አንደኛ ናት። ወንዶቹም ቢሆኑ ከሷ ጋር ተደልድለዋል ሲባሉ ምግብ አይወርድላቸውም። አንድ ጊዜ ግን መሸነፍ መጣባት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸነፈች፤ አበቃላት ተባለ፤ ጠፋች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ ሁሉንም አንድ በአንድ ጣለቻቸው። ሥጋ አትበላም፤ እንቁላልም አትበላም፤ ዓመቱን ሙሉ።

"ዓመቱን ሙሉ ትጾማለች? ምን አድርጋ ነው?"

"ምንም አላደረገችም አባባ፤ እንዲሁ ነው።"

እንዲሁ ዓመት ሙሉ የሚጾም ሰው አይቼ አላውቅም። ያዝኩባት።

ቆይቶ ዋናው ነገር ወጣ። ህንዳዊቷ በአገሯ ትምህርት ቤት ከፍታለች፤ በየክረምቱ ከያገሩ ሴት ልጆች ተቀብላ ታስተምራለች። ለካ ሶስና ራሷም ትጫወታለች፤ ሳትነግረን ጨዋታዋን ልካ ኖሮ ተቀብላታለች። ማደሪያውም፣ ምግቡም፣ አውሮፕላኑም በነሱ ነው። ይሄኔ ኪሴን ዳበስኩ። ህንዳዊቷ በቅርቡ ሮማ ትመጣለች፤ እዚህ ባለው የተጫዋቾች ክበብ፣ ቺርኮሎ በሚሉት፣ ከብዙ ሰው ጋር በአንዴ ትጫወታለች፤ ቤተሰብም መጥቶ ያያታል ተባለ።

ትርሲት በስልክ፣ ሶስና እየሰማች፣ እንዲህ አለችኝ፤ "አባዬ፣ እኔ ሲኞራዋን ጥዬ መሄድ አልችልም። እርስዎ ሄደው ሴትዮዋን ይዩልኝ። ትሂድ ካሉ ትሂድ፤ አትሂድ ካሉ ቀረ።"

ሶስና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ወስኜ ኋላ የማይ ሰው ነኝ። የዚያኑ ቀን ፓሳፖርቷን ከመሳቢያ አወጣሁና በላስቲክ ጠቅልዬ በበርበሬው ቆርቆሮ ውስጥ ቀበርኩት። ሌባ ቢነካው እንኳ በማስነጠሱ ይታወቃል ብዬ።

ከህንድ ጋር የቆየ ነገር አለኝ፤ እሱንም ልናገር። አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረን ህንዳዊ ነበር። ያኔ የህንድ መምህር በየትምህርት ቤቱ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ጋ አቁሞ ይጠይቀኛል፤ እመልሳለሁ፤ እሱ ራሱን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል። ልክ ነው ማለቱ ይሁን ተሳስተሃል ማለቱ አላውቅም። ተሳስቻለሁ ብዬ አጠፋዋለሁ፤ ሌላ እጽፋለሁ፤ ይቆጣል። እንዲህ እንዲህ ስንባባል ትምህርቴ በዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ራሱን የሚያወዛውዝ ሰው አላምንም።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካለችው ቡና ቤት የማገኘው ወዳጄ ጋሽ ተስፋልደት፣ አስመራ ተወልዶ ሮማ ያረጀ ሰው ነው፤ ጉዳዩን ባማክረው ሲኒውን አስቀምጦ፣

"አሎራ፣ በነጻ ይወስዷታል?" አለኝ።

"በነጻ።"

"በነጻ!" ብሎ ደገመው። የሱ ምክር እንዲህ ነው፤ ያቺኑ ፍርሃትህን ሞቅ አድርጎ ይመልስልሃል።

ቀኑ ደረሰ። ሶስና በመንገድ ላይ ክንዴን ይዛ፣ "አባባ፣ ዛሬ ብቻ ሰው አይጠራጠሩብኝ" አለችኝ። "ፓሳፖርቴ እንደሁ ጠፍቷል፤ አንድ ጭንቅ ይበቃኛል።"

"ዕቃ እኮ ካስቀመጡት ቦታ አይጠፋም" አልኳት። ፊቴን ወደ መኪናው መንገድ አዙሬ ነው ያልኩት።

ቺርኮሎው ያለው አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ጠረጴዛዎቹን እንደ ፈረስ ኮቴ ዙሪያውን ደርድረዋቸዋል፤ ተጫዋቾቹ በውጭ በኩል ይቀመጣሉ፤ ህንዳዊቷ በውስጥ በኩል እየዞረች ከሁሉም ጋር ትጫወታለች። በየጠረጴዛው ውኃ ተቀምጧል። በነጻ። እኔ የራሴን ይዤ ነበር።

ሴትዮዋ ገባች። አጭር ናት። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ከሥር የሩጫ ጫማ አድርጋለች። ለጨዋታ የመጣ ሰው የሩጫ ጫማ ምን ያደርግለታል? ለማምለጥ ካልሆነ። በሩ በየት በኩል እንደሆነ በዓይኔ መዝግቤ ያዝኩ።

ከሶስና ቀጥሎ ያለው ወንበር ባለቤቱ ቀረና ባዶ ሆነ። አንገቱ ላይ ካርድ ያንጠለጠለ ቀጭን ጣሊያን፣ የጨዋታው ዳኛ ነው፣ ወደኔ መጥቶ "ሲኞሬ፣ እርስዎ ይጫወቱ ይሆን?" አለ።

ሶስና ፈጥና "ኖ ኖ፣ እሱ አያውቅም" አለችው።

እኔ አላውቅም? ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ከገባሁ ጀምሮ ሰርቄ ሳየው ነበር። ይሄ እነሱ ስካኪ የሚሉት፣ ያው የኛው ሰንጠረዥ ነው! ልጅ ሆኜ ቀኛዝማች አጎቴ ከአለቃ ጎረቤታቸው ጋር ቀይ ጨርቅ ዘርግተው ሲጫወቱት ነው ያደግኩት። ንጉሡ ይኸውና። ፈረሱ ይኸውና። ደሩ፣ እነሱ ግንብ ያስመሰሉት፣ ጥግ ላይ ቆሟል። መደቅ የምንላቸው ተራ ወታደሮች ፊት ተሰልፈዋል። "አውቃለሁ" ብዬ ቁጭ አልኩ።

ህንዳዊቷ ዞራ ዞራ እኔ ጋ ደረሰች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝ፤ አንድ መደቅ ወደፊት ገፋች፤ ከዚያ ጥላኝ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

ይሄ ምን ዓይነት ንቀት ነው? ጦር ሜዳ ጠርታኝ ጎረቤት ጥየቃ ትሄዳለች? እኛ አገር ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ ነው። ተራ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ደም እስኪፈስ፣ ማለት አንዱ የአንዱን ወታደር እስኪበላ ድረስ፣ ሁለቱም እጃቸው እንደቻለ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። የፈጠነ ቦታ ያዘ፤ የተኛ ተወረረ። አጎቴ ባንድ እጃቸው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ በሌላው እጅ ሲያሰልፉ ዓይን አይከተላቸውም ነበር።

እኔም ወረርኩ። መደቆቹን ገፋሁ። ፈረሶቹን አወጣሁ። ደሮቹን ከጥግ ጎተትኩ። ቀና ስል ሴትዮዋ ገና አምስት ሰው አልፋ ትታያለች። ደግ ብዬ እንደገና አሰለፍኩ። በግራዬ የተቀመጠው ጡረተኛ የትራም ሹፌር ጨዋታውን ትቶ አፉን ከፍቶ ያየኛል። አሳዘነኝ፤ የሱም ፈረስ ተቀምጣ ነበር። ተመልካች ምክር ካልሰጠማ ምን ተመልካች ነው ብዬ፣

"ፈረስህን! ፈረስህን አውጣ!" አልኩት በጣሊያንኛ።

"ሲሌንሲዮ!" አለ ባለካርዱ።

"አባባ፣ እባክዎ" አለች ሶስና ቀና ሳትል።

ዝም አልኩ። ዝም ብዬ አሰለፍኩ።

ህንዳዊቷ ተመልሳ ፊቴ ስትደርስ ቆመች። ሰንጠረዡን አየችው። እኔን አየችኝ። እንደገና ሰንጠረዡን። ባለካርዱ እየሮጠ መጣ፤ ያየውን ሲያይ ካርዱ ራሱ አንገቱ ላይ ዞረ።

"ሲኞሬ! ጦሩን በሙሉ አንቀሳቅሰዋል!"

"እሷስ ማን ከለከላት? እሷም ታንቀሳቅስ!"

አዳራሹ ከፊሉ ሳቀ፣ ከፊሉ አጉረመረመ። ባለካርዱ ተነስተው ይውጡልኝ ብሎ በሩን አሳየኝ። እኔ ግን ያየሁት ሶስናን ነው። ፊቷ ቀልቷል፤ ዓይኗ ሞልቷል። ቀስ ብላ፣ በአማርኛ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት፣

"ሆን ብለው ነው አይደል?" አለችኝ። "እንዳልሄድ ብለው ነው።"

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ዓይን ለዓይን ተይዤ ስጠረጠር ግን የመጀመሪያዬ ነው። ደግሞ የፈረደብኝ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ፓሳፖርት ትዝ አለኝ።

"በልደታ! ይሄንንስ ሆን ብዬ አይደለም። የኛ ጨዋታ እንዲህ ነው። ወረራ ነው።"

"የትኛው የኛ? እርስዎ ሰንጠረዥ ያውቃሉ? መቼ ነግረውኝ ያውቃሉ?"

ህንዳዊቷ ለባለካርዱ በእጇ ቆይ አለችውና ሶስናን በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ሶስና አፍንጫዋን ጠርጋ ነገረቻት። ሴትዮዋ በርከክ ብላ ዓይኗን ከጠረጴዛው እኩል አደረገች፤ ያሰለፍኩትን ጦር አንድ በአንድ አየችው። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ ሶስና አስተረጎመች።

"እስከመቼ ነው ተራ የማይኖረው? ትላለች።"

"ደም እስኪፈስ።"

ሴትዮዋ ራሷን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች። መጣች፤ ያቺው የመምህሩ ነገር! ከዚያ ለባለካርዱ ሌሎቹን ልጨርስና ከኚህ አባት ጋር በሳቸው ሕግ እጫወታለሁ አለችው። እኔ እጄን ታፋዬ ሥር አድርጌ እንድጠብቅ ተፈረደብኝ።

ጠበቅኩ። የትራም ሹፌሩ ወደቀ። ከሹፌሩ ወዲያ ያሉትም ወደቁ። ሶስና ከሁሉም ኋላ ነው የተሸነፈችው፤ ሴትዮዋ ጨብጣት አንድ ነገር በጆሮዋ አለቻት። ምን አለችሽ ብላት ፊቷን አዞረችብኝ። ኩርፊያ ላይ ናት።

አሁን ህንዳዊቷ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሕጋችንን በሶስና አፍ ነገርኳት። ፈርዝ የምንለው፣ የንጉሡ አማካሪ፣ አንድ አንድ እርምጃ በማዕዘን የሚሄድ ጨዋ ሽማግሌ ነው፤ እናንተ ግን ሴት አድርጋችሁታል፣ ከዳር ዳር ትበራለች፤ ይሄ አይሆንም አልኳት። እሺ፣ አንድ እርምጃ ይሁን አለች። ተመልካች ዝም ማለት የለበትም አልኳት። ይሁን አለች። ቀጥሎ ተንኮሌን ጨመርኩ።

"ደግሞ ንጉሥን በደር መግደል ነውር ነው። ጨዋ ሰው በመደቅ ነው የሚገድለው። ያውም ቢችል።"

ይሄ እውነት ነው፤ አጎቴም ይሉት ነበር። የነገርኳት ግን እጇን ለማሰር ነው።

እንደ አዲስ ደርድረን ጀመርን። ወገኖቼ፣ እጇን አላየሁትም። የኔ እጅ መደቅ ሲገፋ የሷ ሁለት ገፍቶ ተመልሷል። ዕንጨቱ ይንኳኳል፤ ሰው ይጮኻል፤ ጣሊያን ሁሉ ምክር ሰጪ ሆነ። የትራም ሹፌሩ "ፈረስህን! ፈረስህን!" እያለ ይበቀለኛል። ደም ሲፈስ፣ መጀመሪያ የተበላው የኔ መደቅ ነው፣ ተራ መጣና ተንፈስ አልኩ። ይሄኔ ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

"ሶስና፣ እንዲህ ብለሽ ጠይቂልኝ፤ የሰው ልጅ በነጻ ሰብስበሽ የምታበዪ፣ ማነሽ? ምን ትርፍ አለሽ? ማታስ በሩን የሚዘጋው ማነው?"

ሶስና ሁለት ቃል ብቻ አለች።

"የኔ እኮ ረዥም ነበር!"

"አሳጥሬዋለሁ።"

"አታሳጥሪ!"

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ይህን ያህል ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ፈረሷን አስቀምጣ ተናገረች፤ ሶስና ኩርፊያዋን እየረሳች አስተረጎመች። አጎቷ ልብስ ሰፊ ነው። ጨዋታውን ያስተማራት እሱ ነው፤ ሰሌዳ መግዛት ሲያቅተው ከጨርቅ ቁርጥራጭ ሰፋላት። በባቡር ሦስተኛ ማዕረግ ይዟት ይዞራል። አንዳንዱ ቦታ ሴት ልጅ ነች ብለው ወንዶቹ አብሮ መቀመጥ ይጠሉ ነበር፤ ስታሸንፋቸው ወንበሩ ነው ያልተመቸኝ ይሏት ነበር።

"ተሸንፋ የጠፋች ጊዜስ? የት ነበረች?"

"አጎቷ ሱቅ፤ የሸሚዝ ኮሌታ ስትቆርጥ። ማንም መጥቶ አልጠየቃትም። አንዲት ልጅ ስትሸነፍ የምትመጣበት ቤት እንዲኖር ነው ትምህርት ቤቱን የከፈትኩት ትላለች። በሩን ማታ የምትዘጋው አክስቷ ናት። አክስቷ ከእርስዎ ትብሳለች ትላለች።"

"በምን ትብሳለች?"

"በመጠርጠር። ስለእርስዎ ነግሬያታለሁ።"

አንድ መደቅ እየገፋሁ፣ "ጨርቁ ቀይ ነበር?" አልኩ።

"የቱ?"

"አጎቷ የሰፋላት።"

ሶስና ጠየቀቻት። "ቀይና ነጭ" አለች።

በዚህ መሀል ንጉሤ ተከቦ ነበር። ደሯ ቀጥ ያለ መንገድ አግኝቷል፤ አንድ እርምጃ ቢሄድ አለቅኩ። እኔ አየሁት፤ ሹፌሩም አየው፤ ባለካርዱ ራሱ፣ ያ ሲሌንሲዮ ሲለኝ የዋለው ሰውዬ፣ "ደሩን! ደሩን!" ብሎ ጮኸ። ሴትዮዋ ደሩን አልነካችውም። አገጯን ይዛ አሰበች፤ ያን በስልክ ያየሁትን ማሰብ። ከዚያ ጀርባ የቀረች አንዲት መደቅ አነሳች። አንድ እርምጃ። ንጉሤን ወዲያ ሸሸሁ። በደሯ አሁንም ትችላለች፤ አሁንም አልነካችውም። መደቋ ሌላ እርምጃ። እንዲህ እያለች፣ ያቺን አንዲት ተራ ወታደር በእግሯ እያስኬደች አምጥታ ንጉሤ ፊት አቆመቻት። መሸሻ የለም።

ለማሸነፍማ ቀድማ ማሸነፍ ትችል ነበር። የዘገየችው የኔን ነውር ነውር ብላ ነው። እጇን ለማሰር የነገርኳትን፣ ክብሬ ነው ብላ ያዘችው። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተከብሬ ተሸንፌ አላውቅም።

ተነስቼ ጨበጥኳት። "ሶስና፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ሳታሳጥሪ። ልጄን አደራ ብልሽ ትጠብቂያለሽ ወይ በያት።"

ሶስና አየችኝ። ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ራሷን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች።

"ይሄ አዎ ነው ወይስ አይደለም?"

"አዎ ነው አባባ! እነሱ ጋ እሺ፣ ልክ ነው ማለት ነው።"

እግዚኦ። ለካ ያኔ አምስተኛ ክፍል መልሼ ነበር! ልክ ልኩን ሁሉ በገዛ እጄ ሳጠፋው ኖሬያለሁ።

ስንመለስ ሶስና ክንዴን ያዘች። የቤታችን በር ጋ ስንደርስ፣ "እና ምን ወሰኑ?" አለች።

"እያሰብኩ ነው።"

"ይህን ያህል?"

"ለሷ ብቻ ነው እንዴ አገጭ የተሰጣት?"

በማግስቱ ጠዋት ሶስና ሳትነሳ ወጥ ቤት ገባሁ። የበርበሬውን ቆርቆሮ ከፍቼ እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ። ላስቲኩ ተቀዶ ኖሮ ፓሳፖርቱ ቀልቶ ወጣ። አራገፍኩት። እንግዲህ ሌባው በማስነጠሱ ይታወቃል ብዬ የለ፤ ቤቱ እስኪናወጥ አስነጠስኩ። አንዴ አይደለም።

"አባባ?" አለች ከክፍሏ። "ምን እየሠሩ ነው?"

"ምንም!"

አልጋዋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ፓሳፖርቱን በእጅጌዬ ጠረግኩና፣ ሰንጠረዟን ከመደርደሪያ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በሷ በኩል፣ ከንጉሧ ኋላ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኔ በኩል ቁጭ አልኩ። በሯ ሲከፈት ሁለቱን ፈረሶቼን አውጥቼ ነበር።